የኔ ማባረሪያ አይነቀነቅም

ንዴቴን አሁኑኑ ልተንፍሰው፤ ካልሆነ ሆዴ ውስጥ ተቀምጦ ይገድለኛል።

ከቤታችን መስኮት ሥር አንድ ጉድጓድ አለች። ጉድጓድ ስላችሁ ቆሻሻ የሚጣልባት ትንሽ ነገር እንዳትመስላችሁ። መርከብ ቢገባባት መውጫ አጥቶ የሚያረጅባት ጉድጓድ ናት። ኮንትራክተሩ ለፎቅ መሠረት ብሎ ቆፈራት፣ በቆርቆሮ አጠራት፣ የሚሠራውን ፎቅ ሥዕል አጥሩ ላይ በትልቁ ለጠፈ፣ ከዚያ የገባበት ጠፋ። ዝናብ መጣና ሞላት። ቢምቢዎች ደግሞ ወሬውን ከየት እንደሰሙት እንጃ፣ ከያሉበት ጓዛቸውን ጠቅልለው ገቡ። እንደኛ ሠፈር ያለ ቢምቢ በዓለም ላይ የለም። የሌላው ሠፈር ቢምቢ ነክሶ ይሄዳል፤ የኛው ተደላድሎ ተቀምጦ ነው የሚበላው። አንዱን በጥፊ ብለው ዞር ብሎ ገላመጠኝ።

ለኮንትራክተሩ ደወልኩ፤ አያነሳም። ጥበቃውን ሄጄ ጮህኩበት። ሰውየው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ «ጌታዬ፣ እኔ የምጠብቀው አጥሩን ነው። ውኃው አይመለከተኝም» አለኝ። የዚያን ቀን የጮህኩት ጩኸት እስከ ሌላኛው ከተማ ተሰምቷል ይባላል።

እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ይህን ብዬ ዝም ብል ደስ ባለኝ፤ ግን እውነቱን መደበቅ ነውር ነው። የኔ መቀስ ያላለፈበት ጭንቅላት በዚህ ከተማ ጭንቅላት አይባልም። ሱቄ ከፊት ነው፣ ቤቴ ከኋላ፤ በመሃል አንዲት በር ብቻ ናት። ቤቴ ምድር ቤት ቢሆንም ቤተ መንግሥት ማለት ነው፤ ያላመነ መጥቶ ይጠይቅ። ከኔ ጋር የምትኖረው እናቴ ናት። ጡረታ የወጣች የስልክ ኦፕሬተር ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አድርጋ የሰው መስመር ስታገናኝ ኖራለች። ያለኔ አንድ ቀን አትውልም። ይህን ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ የነገርኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ የጀመረው ታናሽ እህቴ አንድ እሑድ ልትጠይቀን የመጣች ጊዜ ነው። እህቴ የከተማ አውቶቡስ ትነዳለች። እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያስታውስ ያለ አይመስለኝም፤ ሁሉም ክላክስ ነው የሚላት። ለምን እንደሆነ ስትናገር ያልሰማ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ገብታ እማዬን ከመሳሟ በፊት ክንዷን ያዘችና ወደ መስኮቱ ብርሃን ጎተተችው።

«ይሄ ክንድ ነው ወንፊት?»

«እሑድ እሑድ ለመሳደብ ነው እንዴ የምትመጪው?» አልኳት።

«ጋሼ፣ እማዬን እወስዳታለሁ። እኔ ጋ አራተኛ ፎቅ ነው፣ ቢምቢ አይደርስም። ሊፍት አለ፣ ፀሐይ አለ።»

«የኔን እናት?»

«የኔም እናት ናት እኮ!»

«አንቺ ዘግይተሽ ነው የመጣሽው። እኔ ቀድሜ ይዣታለሁ።»

እማዬ ሹራብ እየሠራች ነበር። ድሮ መስመር ላይ ሰዎች ሲሰዳደቡ ትንፍሽ ሳትል እንደምታዳምጠው፣ እኛንም እንደዚያው ታዳምጠን ነበር። ቀና አላለችም። ክላክስ ወደ እሷ ዞራ «እማዬ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብትላት እኔ ቀደም ብዬ መለስኩ። «እማዬ ምን ትላለች! ያለኔ አንድ ቀን አትውልም!» እማዬ ክሯን ሳበች።

በመጨረሻ ተስማማን። እስከሚቀጥለው እሑድ አንድ አዲስ ንክሻ እማዬ ክንድ ላይ ከተገኘ፣ ያን ዕለት ትወስዳታለች። ካልተገኘ፣ ወሬው ለዘላለም ይዘጋል። ለኔ ይህ ጨዋታ አልነበረም። እማዬ ከዚያ ቤት ከወጣች እኔ ማታ ሱቄን ዘግቼ ለማን ነው የምገባው? ቀኑን ሙሉ ያደረግሁትን ጀብዱ ለማን ነው የማወራው?

የቢምቢ ጭስ አይሆንም፤ እማዬን ያስላታል። የቆርቆሮው ፍሊት ደግሞ ቢምቢውን ሳይሆን ባለቤቱን ነው የሚገድለው። ስለዚህ የቢምቢ ማባረሪያ ራሴ ልሠራ ወሰንኩ፤ ከዕፅዋት ዘይት፣ ንጹሕ፣ የሚሸት፣ ቆዳ የማይጎዳ። ይህን ሙያ ማንም አላስተማረኝም። የማልችለው ነገር ሲያጋጥመኝ እስከዛሬ አላየሁም።

ከፋርማሲ ዘይቶቹን በትንንሽ ብልቃጥ ገዛሁ፦ የጠጅ ሳር፣ የባሕር ዛፍ፣ የላቬንደር፣ ከዚያ ጥቂት የቅርንፉድ። ቅርንፉድ ሲበዛ ያቃጥላል፤ ጠብታ ነው የሚጨመረው። ፋርማሲስቷ «ከምን ጋር ልትደባልቀው ነው?» ብትለኝ በሐዘኔታ አየኋት። ዘይትና ውኃ እንደማይዋደዱ ሕፃን ያውቃል። ዘይቱ ይንሳፈፋል፣ ውኃው ይሰምጣል፣ ለየብቻ ይኖራሉ። ጠንካራ አልኮል ውስጥ የገባ ዘይት ግን ሟሙቶ ይጠፋል፤ አንድ ይሆናሉ። አልኮል ደግሞ አለኝ። ምላጭና መቀስ የማጸዳበትን በብዛት ነው የማስመጣው፤ ሱቅ ያልያዘውን በነጭ ጄሪካን አድርጌ ቤት ውስጥ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር አስቀምጣለሁ።

ያን ዕለት በሰው ልጅ ላይ ደርሶ የማያውቅ ጉንፋን ይዞኝ ነበር። አፍንጫዬ ግንብ ሆኗል። ጠረጴዛው ላይ ቡናማ ጠርሙስ አቆምኩ፤ ቡናማ የሚሆነው ብርሃን የዘይቱን ጉልበት እንዳይበላው ነው። ስልኬን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል አጣብቄ ከመላጣው ጋር እያወራሁ ነው የምቀዳው። መላጣው ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ራሱ ላይ አንድ ፀጉር የለም፣ ግን ሱቄ ሳይመጣ የሚውልበት ቀን የለም።

«ምን እየሠራህ ነው?» ይለኛል።

«ታሪክ!» እላለሁ፣ ከጄሪካኑ እየቀዳሁ።

ዘይቶቹን በጠብታ ጨመርኩ። መርጫውን አጥብቄ ገጠምኩ። አንስቼ ነቀነቅሁት፤ ጡንቻዬን ታውቃላችሁ፣ ጠርሙሱ ራሱ ማረኝ አለ። ወዲያው ክንዴ ላይ ረጨሁ። ቀዝቀዝ አለ፣ አላቃጠለም። እማዬን ጠርቼ አስሸተትኳት።

«ጥሩ ይሸታል» አለች። ከዚያ ጠርሙሱን ገልበጥ አድርጋ አየችው። «ከመርጨቴ በፊት ልነቅንቀው?»

«ሌላው ሰው የሚሠራው ነው የሚነቀነቀው!» አልኳት። «የኔ አይነቀነቅም። አንዴ ተዋሕዷል። ዝም ብለሽ ተረጪ።»

በማግስቱ ሱቅ ውስጥ ወሬው ሌላ አልነበረም። ወንበሬ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ስለ ማባረሪያዬ ሳይሰማ አልተነሳም፤ ምላጭ አንገቱ ላይ ስለሆነ የሚከራከረኝም የለም። ቢምቢዎቹ ሻንጣቸውን እየሸከፉ እንደሆነ ነገርኳቸው። ፋብሪካ ልከፍት እንደምችል ነገርኳቸው። መላጣው ብቻ ከጥግ ሆኖ «ጠርሙሱ ላይ የሚለጠፈው ፎቶ ያንተ ነው የቢምቢው?» ይላል።

ሳምንቱ ሳይጋመስ ክላክስ በእረፍቷ ብቅ አለች። የቤቱ ቁልፍ አላት፤ በምሳ ሰዓት ለእማዬ የሚበላ ይዛ ትመጣለች። እኔ ስገባ የእማዬን እጅጌ ሰብስባ እያየች ነበር።

«አዲስ ነው። ይሄም አዲስ ነው። ይሄኛው ገና እያበጠ ነው።»

«እማዬ፣ እየተረጨሽ ነው?»

«ጧትም ማታም» አለች እማዬ።

«በደንብ?»

«በደንብ ካልሆነ በምን ይረጫል?»

ተናደድኩ። በቢምቢው፣ በጉድጓዷ፣ ጣሪያ ጣሪያውን በምታየው በእህቴ ተናደድኩ። የረጨሽው አንሶ ነው አልኳት እማዬን፤ አብዝታ ትረጭ ጀመር። በረጨች ቁጥር ንክሻው በዛ። ቢምቢዎቹ የሚታጠቡበት ነበር የሚመስለው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የአንድ ደንበኛን ግማሽ ፂም ላጭቼ ግማሹን ሳልነካ ከውስጥ ጩኸት ሰማሁ። በመሃሏ በር ሮጬ ገባሁ። ክላክስ የእማዬን ክንድ ከቧንቧ ሥር ይዛዋለች። ከክርኗ በታች በጥፊ የተመታ ፊት መስሎ ቀልቷል።

«እናቴን ልትጠብሳት ነው?» ጮኸች። «ምንድነው የረጨህባት? አሲድ ነው?»

«ውኃ አያስለቅቀውም፣ ተዪው! ዘይት ነው!» ገፍቼ አስለቀቅኋት። የምግብ ዘይት በጨርቅ አድርጌ ቀስ ብዬ ጠረግሁት፣ ከዚያ በሳሙና አጠብኩት። ቅላቱ ቀስ በቀስ ቀዘቀዘ። የኔ ግን አልቀዘቀዘም። ያ የቅርንፉድ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል፤ ጉንፋኔ ለቆኛል፣ አሁን ይሸተኛል። በአንድ ርጭት እንዲህ ሊሆን አይችልም። ሳምንቱን ሙሉ ምንም ያላደረገ ጠርሙስ ዛሬ ምን ነክቶት ነው እሳት የሚተፋው?

ክላክስ ቦርሳዋን አነሳች። «እሑድ ድረስ አልጠብቅም። ዛሬ ሥራ ስጨርስ መጥቼ እወስዳታለሁ። አንድ ቃል እንዳትናገረኝ!» በሩን ስትዘጋው መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።

ጠርሙሱን ይዤ ወደ ሱቅ ተመለስኩ። ግማሽ ፂሙ የተላጨው ሰውዬ አሁንም መስታወት ፊት ተቀምጧል። መላጣው ጥግ ላይ ነው። የቀረችውን ሁሉ ብሩሽ በማርስበት ንጹሕ ብርጭቆ ውስጥ ገለበጥኳት። ሦስታችንም ጎንበስ ብለን አየን። ከታች ጥቂት የጠራ ነገር፣ ከላዩ ቢጫ ዘይት። ተለያይተው ቁጭ ብለዋል።

«ይሄ ተዋሕዷል ያልከው ነው?» አለ መላጣው።

አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም፤ የኔ ጭንቅላት እንዲህ ነው የሚሠራው። የመርጫው ቱቦ የሚመጠው ከጠርሙሱ ሥር ነው። ከሥር ያለው ደግሞ ውኃ ነበር። እማዬ ሳምንቱን ሙሉ በውኃ ስትረጭ ሰነበተች። ውኃው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ዘይቱ ወደ ታች ወረደና ቱቦው ጋ ደረሰ፤ ንጹሕ ዘይት፣ ከነቅርንፉዱ፣ በአንዴ ክንዷ ላይ ወጣ። ቢነቀነቅ ኖሮ እንኳ ትንሽ ይቀላቀል ነበር። ግን የኔ አይነቀነቅም።

ቤት ገብቼ ጄሪካኑን ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ጎትቼ አወጣሁት። አሸተትኩ። ምንም። በማንኪያ ሲሚንቶው ላይ አፍስሼ ክብሪት ጫርኩበት፤ እንኳን ሊነድ ክብሪቱን አጠፋው። ውኃ ነው! አንድ ሰው አልኮሌን ደፍቶ ውኃ ሞልቶበታል። እማዬ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ ዓይኗን ጨፍናለች። ቤቱ ውስጥ የሚገባው ሌላ ማነው? ቁልፍ ያለው ማነው? እኔ ብሸነፍ እናቴን የሚወስደው ማነው?

ደሜ ፈላ ብል ያንስበታል። «ይቺ ሌባ እህቴ!» ብዬ እየጮህኩ ወጣሁ። ሰውዬውን በግማሽ ፂም ለመላጣው ትቼለት፣ ነጭ የሥራ ካፖርቴን ሳላወልቅ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው በረርኩ። የክላክስ አውቶቡስ ሰው እየጫነ ነበር። በፊት በር ዘልዬ ገባሁ።

«አንቺ ሌባ!»

ዞር ብላ አየችኝ። «ጋሼ፣ ትኬት ቆርጠሃል?»

«የኔን አልኮል ደፍተሽ ውኃ የሞላሽበት አንቺ ነሽ! ቁልፍ አለሽ! ምሳ ይዤ መጣሁ እያልሽ!»

የፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ ዘንቢላቸውን አቅፈው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሰይ፣ እንኳን ደፋችው! የኔም ባል እንደዚህ ነበር የጀመረው።»

«የምጠጣው አይደለም!» ጮህኩባቸው።

«እሱም እንደዚያ ነበር የሚለው» አሉ ሴትዮዋ ለጎናቸው ሰው። ከኋላ አንዱ «ካፖርት ለብሶ ከሆስፒታል አምልጦ ነው» አለ። ትኬት ቆራጩ ክንዴን ሊይዝ መጣ፤ በዓይኖቼ ብቻ መለስኩት።

ክላክስ ሞተሩን አጠፋች። ድምጿ፣ ያ ግድግዳ የሚሰነጥቀው ድምጿ፣ ወረደ። ይህ ነው ያስደነገጠኝ።

«በእማዬ ክንድ የምጫወት ይመስልሃል? እሷን ለመውሰድ ብዬ ለቢምቢ የማስበላት ይመስልሃል?»

«ታዲያ ማነው?»

«እኔ እንጃ! ግን አንተ መሸነፍ ስለማታውቅ፣ የበለጠህ ሁሉ ያጭበረበረ ይመስልሃል። ልጅ ሆነን ገመድ ስዘል እንኳ ከበለጥኩህ ገመዱ አጭር ነው ትል ነበር። አሁን ውረድ።»

«አልወርድም!»

«እሺ።» በሩን ዘጋችና ነዳችው። ከተማውን ከዳር እስከ ዳር፣ በየፌርማታው እየቆመች፣ እኔን አጠገቧ አቁማ ወሰደችኝ። ሰው ይወጣል፣ ሰው ይገባል፣ ዘንቢል የያዙት ሴትዮ ለገባው ሁሉ ታሪኬን ይነግራሉ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ግፍ አልተፈጸመብኝም። በየመንገዱ የማውቀው ጭንቅላት ሁሉ ነው የሚያየኝ፤ ያስተካከልኩት ፀጉር ሁሉ ሳቀብኝ። ክላክስ ግን ያን ሁሉ መንገድ አንዴም ጥሩምባ ሳትነፋ ስትነዳ አይቻለሁ። ያንን ባላየው ይሻለኝ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ መናደድ አቃተኝ።

ሥራዋን ስትጨርስ ጎን ለጎን ወደ ቤት ሄድን። በሩን የከፈተችው እሷ ናት፣ በዚያው ቁልፏ። ገና ስንገባ ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። አልኮል ነው። የኔ አልኮል!

እማዬ የአልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባዋለች። አጠገቧ የድሮ የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ ተከፍቶ ቆሟል። መዳፏን አርሳ ጉልበቷን ታሻለች። ጉልበቷ አብጧል፤ እንዲህ ማበጡን እኔ አላውቅም ነበር። አንድ ቤት ውስጥ እየኖርኩ!

«በሩን ዝጉት» አለች። «ብርድ ይገባል።»

«እማዬ» አለች ክላክስ።

«እኔ ነኝ» አለች እማዬ። ማሸቷን አላቆመችም። «ጮኸህ የወጣኸውን ሰምቻለሁ። እኔ ነኝ የወሰድኩት። ጉልበቴን ሳሽበት ያሞቀኛል። በጎደለ ቁጥር እንዳትቆጣ ብዬ ውኃ እጨምርበት ነበር። እየጨመርኩ እየጨመርኩ ውኃ ብቻ ሆነ መሰለኝ፤ ይቺ ጠርሙስ ከመጀመሪያው ያተረፍኳት ናት። ለማባረሪያው ከዚያ እንደምትቀዳ አላወቅሁም፤ ሳውቅ ደግሞ ጠርሙሱ አልቆ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ግድግዳው ማላብ ከጀመረ።»

«የምን ግድግዳ? ይሄ ቤት እኮ…»

«ቤተ መንግሥት ነው። አዎ። ሰምቻለሁ።» ከአልጋዋ በላይ ወደ ተሰቀለው ሥዕል በአገጯ ጠቆመች። የኔ ፎቶ ነው፤ መቀስ ይዤ የተነሳሁት፣ በር የሚያህለው። አነሳሁት። ከጀርባው ግድግዳው ጠቁሯል፤ አረንጓዴ ሻጋታ አብቅሏል። መዳፌን ጣል አደረግሁበት፤ ረጥቦ ተመለሰ። ያቺ ጉድጓድ ናት! ውኃዋ በመሠረቱ በኩል ገብቶ እማዬ አልጋ ራስጌ ላይ ወጥቷል። እኔ ከቢምቢው ጋር ስዋጋ ጠላት በግድግዳ ገባ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» ጮህኩ። በሷ ላይ መጮኼን አውቃለሁ። ሌላ የምጮህበት አልነበረም። «አፍ የለሽም? ለምን?»

እማዬ ጠርሙሷን ከደነች። «ልጄ፣ ዕድሜ ልኬን የሰው መስመር ሳገናኝ ነው የኖርኩት። ንጉሥም ይሁን ለማኝ፣ የሁሉም መስመር አንዳንዴ ይለቀቃል። እንዳንተ ያለ ሁልጊዜ የተያዘ መስመር አላየሁም። ሃሎ ስልህ ጀምረሃል። ጉልበቴን ልልህ ስል ስለ ቤቱ ታወራለህ። ግድግዳው ልልህ ስል እንግዳ ይዘህ ትገባና ‹ጠይቋት፣ ያለኔ አንድ ቀን አትውልም› ትላለህ። በሰው ፊት ምን ልበል?»

ክላክስ ሳቅ አመለጣት። «አንቺ ዝም በይ!» አልኳት።

«እሷን ተዋት» አለች እማዬ። «ሌባ ያልካት ይበቃታል። ይቅርታ በላት።»

«እሷ ናት በከተማው ያዞረችኝ!»

«በላት።»

ክላክስን አየኋት። የምላሴን ክብደት ልነግራችሁ አልችልም። «ሻንጣውን የምይዘው እኔ ነኝ» አልኩ በመጨረሻ። ክላክስ እጇን አጣምራ ጠበቀች። «እሺ ይሁን፣ ሌባ አይደለሽም።»

«ሻንጣ የምን?» አለች እማዬ። ከዚያ ራሷ መለሰች። «እሄዳለሁ። ለቢምቢው ብዬ አይደለም፣ እሱንስ ለምጄዋለሁ። ጉልበቴ ደረቅ ቤት ይፈልጋል። ያለሱ አንድ ቀን አትውልም ተብያለሁ፤ እስቲ ልዋልና ልየው።»

አልተኛሁም ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ኮንትራክተሩን በሐሳቤ ጉድጓዱ ውስጥ ስጥለውና ሳወጣው አደርኩ።

በማግስቱ ክላክስ ቤት ስንደርስ ሊፍቱ በር ላይ ወረቀት ተለጥፏል፦ ተበላሽቷል።

«ሊፍት አለ፣ ፀሐይ አለ!» ብዬ ጮህኩ። የሕንፃው ጥበቃ ብድግ አለ። «ይሄ ነው ሊፍትሽ? እናቴን ከቤተ መንግሥት አስወጥተሽ ያመጣሻት እዚህ ነው?»

«ትናንት ይሠራ ነበር» አለች ክላክስ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿ አልሰማ አለኝ። እማዬ ደረጃውን ቀና ብላ እያየች ጉልበቷን ያዘች።

ሻንጣውን ለእህቴ ወረወርኩላትና እማዬ ፊት ቁጢጥ አልኩ። «ውጪ።»

«ብትጥለኝስ?»

«እኔ? እኔ የምጥል ሰው ነኝ? አንቺንና ሕንፃውን አንድ ላይ እሸከማለሁ! ውጪ!»

አንገቴን አቀፈችኝ። ተነሳሁ። ቀላል ነበረች፤ ከዚህ በላይ ከባድ እንድትሆን እፈልግ ነበር። በደረጃው ላይ ለሚያልፈው ሰው ሁሉ በአንድ እጄም እንደምችል ነገርኩ። በየእረፍቱ ሊፍቱን ሰደብኩ፣ ሊፍቱን የሠራውን ሰደብኩ፣ ኮንትራክተሩን ከነዘሩ ሰደብኩ። ትንፋሼ እያጠረ ስድቡም እያጠረ መጣ። እማዬ በጆሮዬ «ዝም ብለህ ተንፍስ» አለችኝ። ክላክስ ከኋላ ሻንጣ ይዛ ትከተላለች፤ አንዴ ወገቤን በመዳፏ ደገፍ ስታደርገኝ ተሰማኝ።

ለእማዬ ያዘጋጀችላት ክፍል ትንሽ ናት። መስኮቷ ሰፊ ነው፣ አልጋው ላይ ፀሐይ ተኝቷል። እማዬን አስቀምጬ ቀጥ ብዬ ግድግዳው ጋ ሄድኩ። መዳፌን ለጠፍኩበት። ከላይ፣ ከታች፣ ከአልጋው ራስጌ፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ሞከርኩ። እርጥብ ነገር ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። ደረቅ ነው። እንዴት እንዳናደደኝ!

እማዬ እግሮቿን ፀሐዩ ውስጥ ዘረጋች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው እንዲህ ስትዘረጋቸው ያየሁት።

«ነገ ትመጣለህ?» አለችኝ።

«ሥራ አለኝ።»

«ከነገ ወዲያስ?»

«ከነገ ወዲያም አለኝ።»

«እንግዲህ ንዴትህ ሲወጣልህ ና።»

ንዴቴ እስካሁን አልወጣልኝም። በማግስቱ ሱቄን ቀደም ብዬ ዘግቼ ሄድኩ። ሊፍቱ አልተሠራም፤ ደረጃውን ስወጣ አንዱንም ሳልሰድብ አላለፍኩም። ጎረቤቶች በር እየከፈቱ አዩኝ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ አንድ ሽማግሌ በፒጃማ ብቅ ብለው «ምን ሆነሃል ልጄ? ማን ጋ ነው የምትሄደው?» አሉኝ።

«እናቴ ጋ!» አልኳቸው፣ ታች ያለው ጥበቃ እንዲሰማ አድርጌ።